ሚዛኑ ያልረሳት

ሚዛኑ የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ብልጭ ብልጭ አለና ቁጥር 2ን አሳየ።

ሚጣ ከላዩ ሳትወርድ ደርቃ ቀረች። ሚዛኑ ለቤቱ ሰው ሁሉ ቁጥር ሰጥቷል፤ 1 እናቷ ናት፤ 3 ራሷ ሚጣ። 2 እቴቴ የምትላት ታላቅ እህቷ ነበረች። ሚዛኑ የወጣበትን ሰው የሚለየው በክብደቱ ነው፤ ስም አይጠይቅም፣ ፊት አያይም። እህቷ ዓምና ልቧ ቀጥ ብሎ ስትሞት ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል። ለሚዛኑ ግን የነገረው የለም።

ቀጥሎ የሰውነቷን የስብ መጠን አወጣ፤ ሃያ ዘጠኝ በመቶ። ከጎኑ ወደ ላይ የምትጠቁም ትንሽ ቀስት አለች። ካለፈው ልኬትሽ ጨምረሻል ማለት ናት። ያለፈው ልኬት ደግሞ የእህቷ ነው፤ የመጨረሻው።

ያኔ በሚጣ ውስጥ አንድ ስሜት ሽው አለ። ምን እንደሆነ ገብቷታል፤ ግን ለራሷም ቢሆን መንገር አልፈለገችም። ሚዛኑን ከባልዲዎቹ ጀርባ መልሳ ወሸቀችው። አፏን ተጉመጥምጣ ውሃውን ሳትውጥ ተፋችው። ውሃም ይመዝናል።

ከሰዓት በኋላ ሜዳው ላይ አሰልጣኟ ሚጣንና ሌሎቹን ሯጮች አሰልፋ በፕላስቲክ መቆንጠጫ ክንዳቸውን፣ ሆዳቸውን፣ ጭናቸውን እየቆነጠጠች ስባቸውን ትለካለች። ወሬ ስለማያልቅባት «ሬዲዮ» የሚሏት ልጅ ከፊት ቆማለች።

«አሰልጣኝ፣ ቀስ ብለው ይቆንጥጡኝ እንጂ! ያለኝ ሀብት እሱ ብቻ ነው።»

«ዝም ብለሽ ቁሚ። ካላረፍሽ ምላስሽን ነው የምለካው።»

ተራው የሚጣ ሆነ። አሰልጣኟ አንዴ ቆነጠጠች። እንደገና ቆነጠጠች። ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ጠፋ።

«አሥራ አምስት በመቶ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ላንቺ ዕድሜ ይሄ አንሷል።»

«አይደለም!» አለች ሚጣ። «የቤታችን ሚዛን ሃያ ዘጠኝ ነው የሚለው። ምግብ በቀነስኩ ቁጥር እሱ ይጨምራል።»

«ውሃስ? ውሃ ትጠጫለሽ?»

«ከመመዘኔ በፊት አልጠጣም። ክብደት እንዳይሆንብኝ።»

አሰልጣኟ መቆንጠጫውን ኪሷ ከተተችና ከሰልፉ ፈቀቅ አደረገቻት። «ስሚኝ። ያ ሚዛን ስብሽን አያየውም። በእግርሽ በኩል ትንሽ ኤሌክትሪክ ይሰድና እንዴት እንደሚያልፍ ያያል። ኤሌክትሪክ ውሃ ባለበት በቀላሉ ያልፋል፤ ስብ ጋ ሲደርስ ይቸገራል። አንቺ ውሃ ጠምቶሽ ደርቀሽ ስትቆሚበት፣ መከረኛው ማሽን ድርቀትሽን ስብ ነው ብሎ ይቆጥረዋል። አንቺ ደግሞ ስቡን ለማጥፋት ብለሽ ይበልጥ ትደርቂያለሽ።»

«ታዲያ ትክክለኛው የቱ ነው?»

«ሁለቱም ግምት ናቸው። የኔም እጅ ይስታል። ቁጥሩን ተይውና የወር አበባሽ ይመጣል?»

ሚጣ የጫማዋን ማሰሪያ ማየት ጀመረች። «ቀርቷል።»

«ለእናትሽ ትነግሪያታለሽ ወይስ እኔ ልደውል?»

«እነግራታለሁ» አለች፤ ለመገላገል ያህል።

ቤት ስትደርስ ልብስ ሰፊዋ እናቷ የሚጣን የሩጫ ቁምጣ ይዛ፣ ስፒሎች ከንፈሯ መሀል ሰክታ ትጠብቃታለች። «ነይ ልበሽውና ቁሚልኝ፤ ወገቡን ላጥብብልሽ» አለቻት። ለምን ሰፋ ብላ አልጠየቀችም። የሚጣን እህት ቀሚሶች አንድ ባንድ ስታጠብብም እንዲሁ አልጠየቀችም ነበር። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ፤ አንስተውት ግን አያውቁም።

ሚጣ ለበሰችው፤ ወገቡን በስፒል የሚይዙት የእናቷ ጣቶች የዳሌዋን አጥንት ሲነኩ ቆሙ። አልተነሱም፤ አልሠሩምም። ሚጣ ከኋላዋ ሌላ ሰው ተራውን እየጠበቀ የቆመ መሰላት፤ ዞራ ለማየት ግን አልደፈረችም።

«እማዬ።»

«እህ?»

«ዛሬ ሚዛኑ እቴቴ ነሽ አለኝ።»

እናቷ ስፒሎቹን ከከንፈሯ አንድ ባንድ አወጣች። «ያን ነገር ሳልጥለው ቀረሁ እንዴ?»

«አልጣልሽውም።»

«አዎ… አልቻልኩም። እግሯ ነክቶታል።»

«ደግሞ ከእሷ ጨምረሻል አለኝ። እማዬ፣ እኔ… ቀናሁባት።»

እናቷ ልትቆጣት ወይም ልታለቅስ የምትችል መስሏት ነበር። እናቷ ግን የሚጣን ወገብ በሁለት እጇ ይዛ፣ ልትወድቅ ያለች ዕቃ እንደሚይዝ ሰው አጥብቃ ያዘቻት።

«እሷንም እንዲህ ይዣት ነበር» አለች። «አጥብቢልኝ አለችኝ፤ አጠበብኩላት። አምሮብሻልም አልኳት።»

ሚጣ ለመዋሸት የተዘጋጀችባቸው ቃላት አፏ ውስጥ ነበሩ፤ ደህና ነኝ፣ በልቻለሁ፣ ልምምዱ ነው። ሁሉንም በልምምድ ታውቃቸዋለች። እህቷም ታውቃቸው ነበር።

«ሐኪም ቤት ውሰጂኝ» አለች። «ነገ። አንቺም አብረሽኝ ግቢ። ብቻዬን ከገባሁ እዋሻለሁ።»

እናቷ ተነስታ በአልጋው ሥር ጫማዋን መፈለግ ጀመረች።

«እማዬ፣ ነገ ነው ያልኩት።»

«እስከ ማታ የሚሠራ ሐኪም ቤት አለ።»

ሚጣ በሩን አየች። እስከ ነገ ሐሳብ የምትቀይርበት ገና አንድ ሙሉ ሌሊት ነበራት። ያን ሌሊት ሳትጠብቅ በስፒል የተያዘውን ቁምጣ አወለቀችና ሱሪዋን ለበሰች።