«አንድ ገበታ» በሁለት ኮርኔት

«አትድከሙ፤ ምርጡ የአያትየዋ ዘፈን ነው!» አለ ሁጎ፣ መድረኩ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እግሩን እያወዛወዘ። «ሴትዮዋ ያኮረፈቻቸውን ዘመዶች በስም እየጠራች ስትደንስ! ሌላው ሁሉ ፉገራ ነው።»

«የኔ ‹አንድ ገበታ› ነው» አለች ቲገን።

«ያንቺማ ይታወቃል። የቤትሽን ጉድ ነዋ የምትዘፍኚው።»

ቲገን ሳቀች። ዓይኗን ግን ከአዳራሹ በር ላይ መንቀል አልቻለችም።

የትምህርት ቤቱ የዘንድሮ ሙዚቃዊ ቲያትር ዳቦ ቤት ስላላቸው ቤተሰብ ነው። እናት ከአያት፣ አባት ከልጅ አይስማሙም፤ ሆኖም አንዳቸውም ከቤት አይወጡም። «አንድ ገበታ» ላይ አራቱም ጠረጴዛ ከበው የየራሳቸውን ዜማ በአንድ ጊዜ ይዘፍናሉ፤ ማንም ማንንም አይሰማም። ቲገን ልጅቷን ሆና ነው የምትጫወተው። እስካሁን የተለማመዱት በፒያኖ ብቻ ነበር። ዛሬ፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ የሙንታ ከተማ ማርሽ ባንድ ለመጀመሪያ ጊዜ አብሯቸው ሊጫወት መጥቷል።

ጣጣውም እዚህ ላይ ነው። ዘፈኑ ሁለት ኮርኔት ይፈልጋል፤ ኮርኔት አጠር ያለች ትራምፔት ናት። መምህርቷ ሚስ ፓፓስ ቁርጡን ነግራቸዋለች፤ ሁለት ነፊዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው እኩል ካልተነፈሱ ዘፈኑ ይቀራል። በከተማው ያንን የሚችሉት የቲገን አባት ዴሪክና ወንድሙ ኮሊን ብቻ ናቸው። ኮሊን ከአባታቸው የወረሱትን የዓሣ ጀልባ ዴሪክን ሳያማክር ከሸጠ ወዲህ ግን ወንድማማቾቹ ተኮራርፈዋል። ዴሪክ ባንዱንም እርግፍ አድርጎ ትቶታል። ቲገን ሁለቱንም ለየብቻ ጠርታ ለአባቷ «አጎቴ አይመጣም» አለችው። ለአጎቷም «አባዬ አይመጣም» አለችው።

ዴሪክ መጀመሪያ ገባ። ኮርኔቱን አውጥቶ የሚነፋበትን ጫፍ በመሐረብ እየጠረገ ሳለ ኮሊን በጎን በር ብቅ አለ። ሁለት ወንበር፣ አንድ የኖታ ማስቀመጫ።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አለ ዴሪክ ወለሉን እያየ።

«እኔም እሱን ልጠይቅ ነበር» አለ ኮሊን ጣሪያውን እያየ።

የባንዱ ሰዎች ሁሉ ወደ እነሱ ዞሩ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጥሎ መውጣት ለሁለቱም አልሆነላቸውም። ወንበራቸውን የተቻላቸውን ያህል አራርቀው ተቀመጡ፤ ኖታው መሀል ላይ ብቻውን ቀረ። ሚስ ፓፓስ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ እጇን አነሳች።

ያኔ የቲገን ዓይን ትከሻቸው ላይ አረፈ። የሁለቱ ትከሻ እኩል ከፍ አለ። መንፋት ያስተማራቸው አንድ ሰው፣ አባታቸው ነበርና የት እንደሚተነፈስ መነጋገር አላስፈለጋቸውም። ከዚያ ድምፁ መጣ፤ የመድረኩ እንጨት ከእግሯ ሥር ነዘረ። የትኛው የአባቷ፣ የትኛው የአጎቷ እንደሆነ ለመለየት ሞከረች፤ አቃታት። ለወራት ያንጎራጎረችው ዘፈን ይህን ያህል ትልቅ መሆኑን አላወቀችም ነበር። ከላይ የቤተሰቡ ሰዎች ሳይሰማሙ ይዘፍናሉ፤ ከሥር ደግሞ ሁለቱ ኮርኔቶች ሁሉንም እየሰሙ ያቅፏቸዋል። ሰውነቷን ውርር አደረጋት፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሁጎ እንኳን አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ቲገን! መግቢያሽ አለፈ እኮ!» አለች ሚስ ፓፓስ።

«ይቅርታ ሚስ። በጣም... በጣም ስለመሰጠኝ ነው።»

አንድም ሰው አልሳቀባትም። በሁለተኛው ዙር ዘፈነች፤ እንዲህ ያለ ነገር መሀል የመቆም ዕድል ማን እንደሰጣት እየገረማት።

ልምምዱ ሲያልቅ ወንድማማቾቹ እንደመጡት በየበራቸው ወጡ። ሁጎ ሮጦ ደረሰባት።

«አባትሽ ከጠየቀሽ በሚስ ፓፓስ ላይ አላክኪው። ‹እሷ ጠርታው ይሆናል› በይ፣ በቃ። አለዚያ አለቀልን፣ ዘፈኑም ቀረ።»

መኪና ውስጥ ዴሪክ ሞተሩን አስነስቶ ሳይንቀሳቀስ ቆየ።

«እንደሚመጣ ታውቂ ነበር?»

ውሸቱ ምላሷ ላይ ተዘጋጅቷል። እውነቱን ከነገረችው ኮርኔቱን ቤት ወስዶ ሊቆልፍበት ይችላል፤ ቲያትሩ ደግሞ የፊታችን ዓርብ ነው። ግን ያንን ድምፅ ሰምታ ከወጣች በኋላ መዋሸት አስጠላት።

«አዎ፣ አባዬ። የጠራሁት እኔ ነኝ። ሁለታችሁንም ነው የዋሸኋችሁ።»

ዴሪክ መሪውን ጨበጠ።

«ለእሱስ ነግረሽዋል?»

«ገና አልነገርኩትም።»

ከግቢው ወዲያ ማዶ ኮሊን የኮርኔቱን ሳጥን ፒክአፑ ላይ እየጫነ ነበር። ዴሪክ ሞተሩን አጠፋ።

«ሂጂና ንገሪው» አለ። ጉሮሮውን ጠረገ። «ደግሞ... ለዓርብ መነጽሩን ይዞ እንዲመጣ በይው። ዛሬ ሁለት ቦታ ስቷል።»

ቲገን አባቷን አየችው፤ እሱ በመስኮት ወደ ውጭ ይመለከታል። በሩን ከፍታ ወረደች። የአባቷን መልእክት ብታስቀድም አጎቷ ደስ ብሎት የእሷን ጥፋት ልብ ላይለው ይችላል፤ ይህ እየተራመደች ሳለ ታሰባት። ፒክአፑ ጋ ስትደርስ ግን ትንፋሿን ሰብሰብ አደረገችና የዋሸችውን በመናገር ጀመረች።