ሁለቱ የኮሶ ኩባያዎች

ፍቅሬ ኮሶውን የጠጣው ጎህ ሲቀድ ነበር፤ ፀሐይ ሳትጠነክር ሞተ። ሻምበል ይገዙ ከአየር ጤና ዝቅ ብሎ ወዳለው የወይዘሮ በላይነሽ ግቢ ሲደርስ ሬሳው ጉልበቱን ከደረቱ አጣብቆ፣ የአንሶላውን ጫፍ በጥርሱ ነክሶ አልጋው ላይ ነበር። ከራስጌው አረንጓዴ ጠርዝ ያለው የቆርቆሮ ኩባያ ባዶውን ተቀምጧል። ሟቹ ጋራዥ የሚሠራ፣ ከሰው የማይጣላ የወይዘሮዋ ተከራይ ነው። ለሻምበሉ ሬሳ ማየት ብርቁ አይደለም፤ የዚህ ልጅ አሟሟት ግን አንጀቱን በላው።

«ኮሶውን የበጠበጠችው የቤት ሠራተኛዋ ጫልቱ ናት» አለ ሃምሳ አለቃ ጀይሉ። «ይዣት ልሂድ?»

«ሐኪሙ ይናገር መጀመሪያ።»

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ተናገረ፤ ነገሩም ለጫልቱ የባሰ ሆነ። ፍቅሬን የገደለው ኮሶ ሳይሆን ኮሶው ውስጥ የተጨመረ የአይጥ መርዝ ነው። መርዙ ደግሞ የተገኘው ጫልቱ ከምትሠራበት ማድ ቤት ነው። ጀይሉ ክንዷን ጨብጦ ያዘ። በመርዝ የገደለ ሰው መጨረሻው ስቅላት መሆኑን ልጅቷም ታውቃለች።

«ስንት ኩባያ በጠበጥሽ?» አላት ሻምበሉ ረጋ ብሎ።

«ሁለት። ባለ ቀይ ጠርዙ የእትዬ፣ ባለ አረንጓዴው የፍቅሬ። እንዳይቀያየር ራት ላይ ለሁሉም ነግሬያለሁ።»

«የት አደረ?»

«ማድ ቤት፣ መስኮቱ ሥር። የእትዬን በቀኝ፣ የፍቅሬን በግራ አስቀምጬ ሁሉም እያዩ ከደንኩት። ኋላ ዝናቡ ሲያፈስብኝ አንስቼ ጠረጴዛው ላይ ሳደርገው ቦታቸው ተገለባበጠ፤ የፍቅሬ በቀኝ ሆነ። ግድም አልሰጠኝ፤ ቀለሙ ይለየው የለ?»

ሻምበሉ ይህን ሲሰማ ጢሙን ማሻሸት ጀመረ። ጀይሉ አለቃውን ያውቀዋል፤ ጢሙን ከነካ ነገር አለ ማለት ነው።

ሌላው ተከራይ ጥሩነህ ግቢው ውስጥ ቁጢጥ ብሎ፣ ሰሌን ላይ ከተሰጣው በርበሬ አረንጓዴውን ይለቅማል። የፍቅሬ አብሮ አደግ ነው።

«ሥራ አላጣህም» አለው ሻምበሉ።

«እጄን ላሳርፈው አልቻልኩም፣ ጌታዬ። እትዬ በላይነሽ ትናንት ያዘዙኝን ነው። ሰኞ የአብራሪነት ትምህርት እጀምራለሁ፤ እንዲህ ሆኜ ምን እማራለሁ?»

«ሐኪም አሳልፎሃል?»

«ሙሉ ጤነኛ ነህ ብሎ ማረጋገጫ ሰጥቶኛል።»

«ዓይንህንም?»

«ከባለ ቀለም ነጠብጣብ መሃል ቁጥር ያስነብባሉ። አንዱንም አልሳትኩ።»

ሻምበሉ ፊቱን ትቶ ጣቶቹን አየ። ጥሩነህ በርበሬውን አንድ በአንድ ይጨምቃል። የደረቀውን ሰሌኑ ላይ ይተዋል፤ ለስላሳውን ወደ ቅርጫት ይጥላል። እሳት የመሰለ አንድ ቀይ በርበሬ ገና አልደረቀም ነበርና ከአረንጓዴዎቹ ጋር ገባ። ሻምበሉ ወደ ወይዘሮዋ ቤት ገባ።

ወይዘሮ በላይነሽ እሳቸውም ኮሶ ጠጥተው ነበርና ፊታቸው ገርጥቷል።

«ከጥሩነህ ጋር ቅያሜ አለዎት?»

«ላም አለኝ በሰማይ ነው እያልኩ እቀልድበታለሁ። ሌላውን ተወው፣ ሻምበል። የሞተ ሰው ስም አላነሳም።»

ሻምበሉ አልተከራከራቸውም። ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበና በሩን ራሱ ዘጋው። ሁለቱን ኩባያዎች ከፊቱ አስቀመጠ።

«ፍቅሬን የሚጠላ ፈልጌ አጣሁ» ሲል ጀመረ። «የለማ! መርዙ ለሱ አልተዘጋጀም። ገዳዩ በቀኝ ያለው የወይዘሮ በላይነሽ ነው ብሎ በቀኝ ያገኘው ውስጥ ጨመረ። ጫልቱ ቦታቸውን እንዳገለባበጠች አላወቀም።»

«ታዲያ ጠርዙን አያይም?» አለ ጀይሉ።

«ሌላ ሰው ቢሆን ያይ ነበር። ጫልቱም ዓይን አላት፤ ኩባያዎቹንም ያዛወረቻቸው ራሷ ናት። ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ሰው ግን ቦታውን ብቻ ነው የሚያምነው። ዛሬ በርበሬ በዳሰሳ ሲለቅም ያየሁት አንድ ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ የቀለም ፈተና አልፌያለሁ ይላል። እንዴት አለፈ? ወይዘሮ በላይነሽ፣ ዝምታዎ ይቺን ልጅ ገመድ ላይ ሊያወጣት ነው።»

ሴትዮዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ፍቅሬ በጥሩነህ ስም ገብቶ ነው የተመረመረለት። ሲማከሩ ሰማኋቸው። ስንት ነፍስ ይዘህ ልትወድቅ ነው፣ ለትምህርት ቤቱ ሳልናገር አንተው ተው አልኩት ጥሩነህን። ሟቹ እንዳይዋረድብኝ ብዬ ነው የደበቅሁት።»

«ሐሰት ነው» አለ ጥሩነህ።

«ሐሰት ከሆነ ነገ አብረን ሐኪም ዘንድ እንሂድና ነጠብጣቡን አንብብልኝ» አለው ሻምበሉ። «በአንተ ፋንታ ግን አሁን ማንን ትልካለህ?»

ጥሩነህ ወደ ተዘጋው በር አየ። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ሻምበሉ ጎንበስ አለለት። ቁጣው በርዶ ሐዘን ብቻ ቀርቶት ነበር።

«ክፍላችሁ ጎን ለጎን ነው። ሲያቃስት አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ምን አልክ?»

«ኮሶ የጠጣ ሰው ማቃሰቱ አይቀርም አልኩ።» ጥሩነህ መዳፎቹን ዓይኑ ላይ ጫነ። «እኔ ጆሮዬን የጣልኩት ወደሳቸው ክፍል ነበር።»

ወይዘሮ በላይነሽ ከተቀመጡበት ተነሥተው ግድግዳውን ተደገፉ። ሃምሳ አለቃ ጀይሉ የጫልቱን ክንድ ለቀቀ።