የቬርሶሏ ዐሥራ አምስት ዙር

በ1976 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ የመጋቢት ዝናብ ቀረ። የሚያዝያውም ቀረ። ግንቦት ላይ የበቆሎ ዱቄት በሰልፍ ሆነ። ከብት መንገድ ዳር ሞተ። ሬሳ ቤቱ ከመሙላቱ የተነሣ ሰው መቼ እንደሞተ የሐኪም ቃል ለማግኘት ቀናት ይፈጅ ነበር።

በዚያ ወቅት አቶ ባንታየሁ ፓርክላንድስ ሰፈር ባለው የሰዓት መደብራቸው፣ ወደ መኖሪያቸው በሚያወጣው ደረጃ ሥር ሞተው ተገኙ። ጭንቅላታቸው ተፈንክቷል። በእጃቸው ያለችው፣ ቬርሶል የምትባል በእጅ የምትሞላ የወርቅ ሰዓት መስታወቷ ደቋል። ቀኗ እሑድን፣ ጠቋሚዋ ከጠዋቱ አራት ሰዓትን ያሳያሉ።

ኢንስፔክተር ሙቱሪ ካሣሁንን ወደ መደብሩ አስጠራው። ካሣሁን አዲስ አበባ ላይ ሃያ ዓመት መርማሪ የነበረ፣ ደርግን ሸሽቶ ሳውዝ ሲ ሰፈር የሚኖር ሰው ነው።

«ገዳዩን ይዘናል። ቃሉን ተርጉምልኝ» አለው ሙቱሪ።

በካቴና የታሰረው ሰዓት ጠጋኙ ኑሬ ነበር። ካሣሁን አወቀው። ከሰባት ዓመት በፊት፣ ካሣሁን እግሩን በጥይት በተመታ ጊዜ፣ በጀርባው አዝሎ በሞያሌ ድንበር ያሻገረው ይህ ሰው ነው። ዋጋውን ሲጠይቀው «አንድ ቀን ትከፍለኛለህ» ብሎት ነበር።

«እሑድ አራት ሰዓት የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ዓርብ ለጁምዓ እወጣለሁ፤ ፈንታውን እሑድ ጠዋት እሠራለሁ። ይህን የማያውቅ የለም። በኋላ በር ገብቼ በኋላ በር ወጣሁ። ደረጃውን አላየሁም።»

«ወረቀት የለውም» አለ ሙቱሪ። «እዚህ ካልተሰቀለ ሞያሌ ላይ ለመንግሥታችሁ አስረክበዋለሁ።»

ኑሬ ሲተረጎምለት ሳቀ። «ይስቀሉኝ በለው። የዚህ አገር ገመድ ይሻለኛል።»

የሟች እኅት ሙሉመቤት ኑሬን አይታ ምራቋን ተፋች። «እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? ያውልህ ገዳዩ!»

«ቅዳሜ የት ነበሩ?»

«ሞምባሳ። እሑድ ጠዋት በአውቶቡስ ገባሁ። ስድስት ሰዓት ላይ ምሳውን ይዤ መጣሁ፤ ወድቆ አገኘሁት።»

«ይህችን ሰዓት ሁልጊዜ ያስራታል?»

«ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የሚወደው እሷን ብቻ ነበር። ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ፊቱን ሳይታጠብ ይሞላታል። ሠላሳ ዙር፣ ጮክ ብሎ እየቆጠረ። ከሠላሳ በላይ አትሄድም፤ ሳልወድ በግዴ አውቄዋለሁ።»

የሟች የንግድ ሸሪክ አድነው ጥቁር የባትሪ ሰዓት አስሮ ቆሟል።

«ቬርሶል ለምን ከገበያ ወጣች?» አለው ካሣሁን።

«ይኼ ከሬሳው ጋር ምን አገናኘው?»

«መልስ።»

«ባትሪ መጣ! ማን በየማለዳው ቁጭ ብሎ ይሞላል? የባትሪው በዋጋዋ አንድ ዐሥረኛ ይገዛል፣ ልክም ይሄዳል። ጋሼ ግን ‹ስሟ ይመለሳል› ይሉ ነበር። የምን ስም! ቅዳሜ እንኳ የሩንዳ ሰፈሩ ዲፕሎማት ሾፌር ጌታው የገዛትን ቬርሶል ‹ውሸታም ሰዓት› ብሎ ጠረጴዛው ላይ ጥሏት ሄደ።»

«ቅዳሜ ስንት ሰዓት ወጣህ?»

«ዘጠኝ። እሑድ ከንጋት እስከ ስድስት ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ። ያየኝ ሕዝብ ይመስክር።»

ካሣሁን ሩንዳ ሄዶ ሾፌሩን አነጋገረ። ሲመለስ ሁሉንም ደረጃው ሥር ሰበሰበ። የሟችን ሰዓት አነሣ።

«ወይዘሮ ሙሉመቤት፣ እንደ ወንድምዎ ይቁጠሩልኝ።»

መሙያዋን ያዞር ጀመር። እሷ በተቆጣ ድምፅ ቆጠረች። ዐሥራ አምስት ላይ ጠበቀች፤ አልዞርም አለች።

«በቀን ሠላሳ ዙር ትበላለች» አለ ካሣሁን፣ ለሙቱሪ እየተረጎመ። «እሑድ ማለዳ ተሞልታ አራት ሰዓት ላይ ተሰብራ ቢሆን፣ አምስት ዙር ይበቃት ነበር። ዐሥራ አምስት ማለት ግማሽ ቀን ነው። እሑድ የሞላት የለም። ቅዳሜ ማለዳ ተሞልታ፣ ቅዳሜ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቆመች። አቶ ባንታየሁም ያኔ ሞቱ።»

«ቀኗስ?» አለ ሙቱሪ።

«ጠቋሚውን ወደፊት ሲያዞሩት ቀኗ ይቀየራል። ሆዷ ግን አይሞላም፣ አይጎድልምም። ባትሪ የለመደ ሰው ይህን አያስብም።»

ወደ አድነው ዞረ። «ዘጠኝ ሰዓት ወጣሁ አልክ። ሾፌሩ የመጣው አሥራ አንድ ተኩል ላይ ነው። ‹ውሸታም ሰዓት› ያለውን ከየት ሰማኸው? ሾፌሩ እንደሄደ አቶ ባንታየሁ እሱ የጣላትን ሰዓት ከፈቷት። ውስጧ ርካሽ ማሽን አገኙ። እውነተኛውን አውጥተህ የሸጥከው አንተ ነህ። ሲጠይቁህ ገፋሃቸው። የኑሬን የእሑድ ሥራ ታውቃለህ፤ በእሱ ሰዓት አስቁመህ ሰበርካት።»

«ወሬ ነው!»

ሙቱሪ የቆርቆሮ ጣሳ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠ። ገና ያልተሸጡ የቬርሶል ማሽኖች ተንከባለሉ፤ ከሩንዳ የተመለሰችው ሰዓትም አብራ ወጣች።

«ካሣሁን ቤትህን አስፈትሽ ብሎኝ ነበር፤ ጣሳው አልጋህ ሥር ተገኘ» አለ በእንግሊዝኛ።

አድነው ጮኸ። «የሞተ ስም ነው የሸጥኩት! ባትሪ የገደለውን!»

«ባትሪው አቁስሏት ነበር» አለ ኑሬ። «የጨረስካት አንተ ነህ።»

ሙሉመቤት ኑሬን ቀና ብላ ማየት አቃታት። ይቅርታም አልጠየቀችም። ካቴናው ከእሱ ወጥቶ አድነው እጅ ገባ፤ የወረቀቱን ነገርም ሙቱሪ ተወለት።

ካሣሁንና ኑሬ ወደ መንገዱ ወጡ። ካሣሁን ያነክሳል። ኑሬ ክንዱን ሊይዘው እጁን ዘረጋ።

«ተወኝ፤ በእግሬ እሄዳለሁ» አለ ካሣሁን።

«ያን ጊዜ ከባድ ነበርክ። ወገቤ ዛሬም ያመኛል።»

«ዋጋህ ስንት ነው ብዬህ ነበር።»

ኑሬ ካቴናው ያቀላውን አንጓውን አሸት አሸት አደረገ።

«ዛሬ ከፈልክ» አለ።