የሃምሳ አለቃው ካልሲ

በሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ፣ ሰበታ ከተማ እንደ ወትሮዋ አልነበረችም። ከጅማ ይመጣ የነበረው አውቶቡስ ቆሟል፤ መናኸሪያው ውስጥ ውሻ ይተኛበታል፤ በየሱቁ ደጅ የውሃ በርሜልና ሳሙና ተቀምጧል፤ ወዳጅ ከወዳጅ ሲገናኝ ክርኑን አጋጭቶ፣ ያደረገው ነገር አሳፍሮት ፊቱን ያዞራል። መንግሥት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አውጆ ከአራት ሰው በላይ አንድ ላይ እንዳይሰበሰብ ከከለከለ ወዲህ፣ ለቅሶውም ሠርጉም በአራት ሰው ልክ ተሰፍቶ ነበር። ያን ጊዜ ያላየ ትውልድ ሲሰማው ተረት ይመስለው ይሆናል፤ ያየው ደግሞ፣ ይገርማል፣ ከአሁኑ እየረሳው ነው።

ፋብሪካዎቹ ግን አልቆሙም። በዓለም ገና መንገድ ዳር ካለ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ የሴት ሠራተኞችን እንቅልፍ የነሳ ትእዛዝ የወጣው በዚያው ሰሞን ነው፤ ጸጉር ሁሉ ከቆብ ሥር ይግባ፤ አንድ ዘለላ አንገቷ ላይ የታየባት ከበር ትመለስ፤ የሚል። ጸጉር ቤቶቹ የጸጉር ማድረቂያ ካስካቸውን አጥፍተው በራቸውን ገርበብ አድርገዋል፤ የሚሠራ ቢገኝ እንኳ፣ ሰው የነካውን ማበጠሪያ በዚያ ጊዜ ማን ወዶ! ስለዚህ የሰበታ ሴት በየቤቷ፣ በየበርጩማዋ ላይ እየተቀመጠች፣ አንዷ የሌላዋን ጸጉር መጠቅለልና መቋጠር ያዘች።

ከሁሉም የባሰው ችግር የደረሰው በጣቢታ ላይ ነበር። ጣቢታ አረካ አጠገብ የተወለደች የወላይታ ልጅ ናት፤ በፋብሪካው ክር ታጠነጥናለች፤ ጸጉሯ ሲለቀቅ ወገቧን አልፎ ይወርዳል፤ ቆብ ሲጫንበት ቆቡን ያነሳዋል። የፈረቃ አለቃው «ቁረጪውና ተገላገዪ» ብሏታል። እሷ ግን ይህን ጸጉር እናቷ በቅቤ እያሸች ያሳደገችላት ስለሆነ፣ እናቷ ሳትፈቅድ መቀስ አላስነካም ብላ እንቢ አለች።

መላ ያገኙላት ቤት ያከራዩአት እመቤት ናቸው። ወይዘሮ አትክልት ይባላሉ፤ የመንዝ ሰው ናቸው፤ ሰበታ ገበያ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ ባላቸው ሃምሳ አለቃ ወንዲፍራው በባድመው ጦርነት ሄደው አልተመለሱም። የተመለሰው አንድ ሻንጣ ነው፤ ውስጡም አንድ ሸሚዝ፣ መላጫና ያልተለበሰ ጥቁር የሱፍ ካልሲ ነበረ። መቃብራቸው የት እንደሆነ ለወይዘሮዋ የነገራቸው የለም።

እንግዲህ ወይዘሮ አትክልት ከዚያ ሻንጣ ካልሲውን አወጡ፤ የአንደኛውን እግር ጫፍ በመቀስ ቀነጠቡ፤ እየጠቀለሉ እየጠቀለሉ ድቡልቡል ቀለበት አደረጉት። የጣቢታን ጸጉር ወደ ላይ ሰብስበው በላስቲክ አሰሩ፤ በቀለበቱ ውስጥ አሳለፉት፤ ከጫፉ ጀምረው ጸጉሩን በካልሲው ላይ እየዘረጉ፣ ወደ ውስጥ እያገላበጡ እስከ ራሷ ቆዳ አወረዱት፤ ዙሪያውን በፒን ወጉት። ያ ሁሉ ጸጉር ከብርቱካን ያልበለጠ ቋጠሮ ሆኖ ቆቡ ውስጥ ግጥም አለ። «የወንዶች ነገር አንዳንዴ ይጠቅማል» ብለው ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት፣ ከፈረቃዋ በፊት፣ በወይዘሮዋ ደጃፍ በርጩማው ላይ መቀመጥ የጣቢታ ልማድ ሆነ።

አንድ ማክሰኞ አመሻሽ ላይ የወይዘሮ አትክልት ስልክ ጮኸ። ደዋዩ ዳና፣ የጣቢታ ታላቅ ወንድም ነበር።

«እትዬ፣ እናታችን አረፈች» አለ። «ለጣቢታ በስልክ አይነገርም ብዬ ነው ለእርስዎ የደወልኩት። ሰው ያሰባስቡና እንደ ወጉ ያርዱልኝ። ቀብሩ ነገ አሥር ሰዓት ነው፤ ከዚያ በላይ አቆዩ ብንል የጤና ሰዎቹ አልፈቀዱልንም። መቼም መንገዱ ዝግ ነው፤ አትደርስም።»

በዚህ አገር የሞት ወሬ ዝም ብሎ አይወረወርም። ሟች ያለበት ሰው የመጨረሻው ሰሚ ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ አውቆ፣ አልቅሶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ከዚያ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ አስቀድሞ ይገባል፤ የሚይዘው፣ የሚደግፈው ክንድ ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። ወይዘሮ አትክልት ይህን ወግ የሚያጠብቁት በምክንያት ነበር። የባላቸውን ሞት የሰሙት ገበያ መሀል፣ የሚያውቁ መስሏት «ነፍስ ይማር» ካለቻቸው አንዲት ደንበኛ ነበርና፣ በጨርቁ ክምር ላይ ሲወድቁ የያዛቸው ሰው አልነበረም። በእኔ ግቢ ማንም ብቻውን መርዶ አይሰማም ብለው የማሉት ያን ጊዜ ነው።

ወዲያው የእድሩን ዳኛ ኦቦ ሊቤን አስጠሩ፤ በአጥሩ በር ላይ ተራርቀው ቆመው ተመካከሩ። የጣቢታ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ወንጌላዊ ሲላስ ቡራዩ ነው ያለው፤ በስልክ ሲጠየቅ ታክሲ እንደ ልብ አይገኝምና ከነገ ማታ በፊት አልደርስም አለ።

«እንግዲያውስ ከነገ ወዲያ ጎህ ሲቀድ እንገባለን» አሉ ኦቦ ሊቤ። «ሲላስ፣ እኔ፣ አንቺ፣ አንድ ሴት ጎረቤት፤ አራት ነን፤ አዋጁም አይነካንም።»

«ቀብሩስ፣ ኦቦ?»

«መንገድ በሌለበት ቀብሩን ብትሰማ ምን ታደርገዋለች? መቃጠል ብቻ ነው። ለቅሶዋን እዚሁ ታለቅሳለች። ቶሌ?»

«ቶሌ» ብለው ወይዘሮ አትክልት ተስማሙ።

ረቡዕ ማለዳ ውሃ ሊቀዱ ሲወጡ፣ ጎረቤታቸው ብዙነህ የጭነት መኪናውን ሞተር እያሞቀ ነበር። ሰው እንጂ ዕቃ አልተከለከለም፤ ብዙነህ ከሱሉልታ የታሸገ ውሃ ጭኖ አድሯል።

«ወዴት ነህ ዛሬ?» አሉት፣ ለሰላምታ ያህል።

«ሶዶ ነኝ፣ እትዬ። በቡታጅራ፣ በሆሳዕና፣ በአረካ አድርጌ። እግዜር ካለ ሰባት፣ ስምንት ሰዓት ላይ አረካ እበላለሁ።»

ወይዘሮ አትክልት ባልዲያቸውን መሬት አስቀመጡ፤ እንደገና አነሱት፤ ውሃ ሳይቀዱ ተመልሰው ገቡ። ሽማግሌ የቆረጠውን ነገር እኔ በምን ሥልጣኔ፣ አሉ በልባቸው። ደግሞም ብቻዋን! ከአንድ ሾፌር ጋር፣ በዚያ ሁሉ መንገድ፣ ሐዘኗን ታቅፋ! አይሆንም። ይሁን እንጂ የሞተሩ ድምፅ እቤት ድረስ ተከትሏቸው ገባ።

ጣቢታ በርጩማው ላይ ተቀምጣ ትጠብቃቸዋለች፤ ቆቧን ጉልበቷ ላይ አድርጋለች። እሳቸውም ማበጠሪያውን አንስተው ጀመሩ። እንደ ሌላው ቀን አልቸኮሉም፤ ቅባቱን እስከ ጫፍ ድረስ አዳረሱት፤ ጸጉሩን ሁለት ጊዜ አበጠሩት። ነገ ከነገ ወዲያ ሐዘንተኛ ናት፤ ጸጉሯን የሚያይላት የለም፤ ቢያንስ ሰው ፊት ስትቀመጥ አትንጨባረር ብለው ነው።

«ዛሬ ሲጨርሱ ፎቶ ያንሱኝ» አለች ጣቢታ። «ለዳና ልላክለትና ለእማ ያሳያት። በደወልኩ ቁጥር ‹ቆረጥሽው ወይ?› እያለች ታደርቀኛለች።»

ወይዘሮዋ ጸጉሩን በካልሲው ላይ እየዘረጉ ጠቀለሉት፤ ፒን ወጉ፤ ሌላ ጨመሩ፤ አሁንም ሌላ ጨመሩ።

«ኧረ ዛሬ በጣም አጠበቁት፣ እትዬ!»

«እንዲቆይ ነው።»

ይህን ከማለታቸው የጣቢታ ትከሻ ቀጥ አለ። በየካቲት፣ በሽታው ገና ወደ አገር ሳይገባ፣ የጎረቤታቸው የሐኒ አባት ጎንደር ላይ ሞተው ነበር። መርዶው ለሐኒ ሊነገር በዋዜማው፣ ወይዘሮ አትክልት «ነይ ጸጉርሽን ልሥራሽ» ብለው በዚህችው በርጩማ አስቀመጧት፤ ፒኑን እየቆጠረች ታቀብል የነበረችው ጣቢታ ናት። ምስኪኗ ሐኒ ጠበቀብኝ ስትል «እንዲቆይ ነው» ያሏት ሁለቱም ነበሩ። ጣቢታ ያን ቀን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አልቅሳለች።

አሁን ግን አላለቀሰችም። ዞራም አላየቻቸው።

«እትዬ አትክልት፣ እማ ናት?»

«ምን ትላለች ይቺ ልጅ! ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ።»

«እማ ናት ወይ?»

ከውጭ ብዙነህ የመኪናውን በር ሲዘጋ ተሰማ። ወይዘሮ አትክልት እጃቸው ቋጠሮው ላይ እንዳለ ቀረ። ኦቦ ሊቤን አሰቡ፤ ከቡራዩ የሚመጣውን ወንጌላዊ አሰቡ፤ ገበያ መሀል የወደቁበትን ያን ቀን አሰቡ። ያን ቀን እንዲያ ያንገበገባቸው ብቻቸውን መስማታቸው ብቻ እንዳልነበረ፣ ይልቁንም የሚሄዱበት መቃብር ማጣታቸው እንደሆነ የገባቸው ይህን ጊዜ ነው። የዚች ልጅ እናት መቃብር ደግሞ ገና አልተዘጋም።

«አዎ ልጄ» አሉ። «እናትሽ ናት። ትናንት አረፈች። አሥር ሰዓት ላይ ይቀብሯታል፤ ብዙነህ በአረካ በኩል ያልፋል። ታለቅሺያለሽ፣ መኪና ውስጥ ታለቅሺያለሽ፤ አሁን ተነሺልኝ።»

ጣቢታ ለመጮህ አፏን ከፈተች። ወይዘሮዋ ከኋላ አቅፈው አገጫቸውን በቋጠሮው ላይ አሳርፈው ያዟት፤ ከዚያ እጇን ይዘው እየጎተቱ ወደ ደጅ ሮጡ።

«ብዙነህ! አንተ ብዙነህ! ቁም!»

ነገሩን ሲሰማ ብዙነህ መሪውን እንደያዘ አቀረቀረ። «እትዬ፣ ነፍስ ይማር፤ ግን ኬላ ላይ ሴት ተሳፋሪ ጭነሃል ብለው ያወርዱኛል፤ መኪናውንም ያስሩብኛል።»

ወይዘሮ አትክልት የፋብሪካውን ቆብ በጣቢታ ራስ ላይ ደፉ፤ አንድ ዘለላ አልወጣም። ማስኳን እስከ ዓይኗ ሥር ሳቡላት፤ የራሱን የብዙነህን ጃኬት ከመቀመጫው አንስተው ትከሻዋ ላይ ጣሉ።

«ይኸው ረዳትህ» አሉት። «በል ንዳ!»

ብዙነህ አንዴ አያት፤ ነዳ።

ወይዘሮ አትክልት የሠሩት ነገር በሰፈሩ ሲሰማ ያስከተለው ቁጣ ቀላል አልነበረም። መርዶን ብቻቸውን፣ ያለ ሽማግሌ፣ ማበጠሪያ በእጃቸው እንደያዙ ማርዳታቸው በእድሩ ዘንድ ተሰምቶ የማይታወቅ ነውር ተባለ። ተሰብስቦ መውቀስ በአዋጅ ተከልክሏልና፣ የሚወቅሱት አራት አራት እየሆኑ በተራ ይመጡ ነበር። ኦቦ ሊቤ «አንቺ ሴትዮ፣ ልጅቱ መንገድ ላይ ልቧ ቢቆምስ ምን ልትይ ነበር?» አሏቸው። «እኔም እሱን ፈርቼ ነው ያደርኩት፣ ኦቦ» አሉ ወይዘሮ አትክልት። ስልክ ቢደውሉ የጣቢታም የዳናም አይነሳም፤ ብዙነህም ከሶዶ ወዲያ ሌላ ጭነት አግኝቶ ሄዷል። ደርሳ ይሆን፣ ሳትደርስ ቀርታ ይሆን፣ እያሉ ሲብሰለሰሉ ከረሙ።

ጣቢታ የተመለሰችው ክረምት ሲገባ፣ መንገዱ በከፊል ሲከፈት ነው። ጸጉሯ በጥቁር ሻሽ ተጠቅልሏል። ገብታ የወይዘሮዋን ጉልበት ሳመች፤ ተቃቅፈው አለቀሱ፤ ከዚያ ከቦርሳዋ በወረቀት የተጠቀለሉ ፒኖች አውጥታ በመዳፋቸው አስቀመጠች።

«ደረስሽ ወይ?» አሉ ወይዘሮ አትክልት።

«ደረስኩ። ቡታጅራ ላይ ፖሊሱ በመስኮት አንገቱን አስገብቶ ብዙ አየኝ፤ ‹ረዳትህ ለምን ያለቅሳል?› ብሎ ብዙነህን ጠየቀው። ‹ሰው ሞቶበት ነው› አለው። አሳለፈን። እማን አጥበዋት ጸጉሯ ተበትኖ ነበር፣ እትዬ። ከአጠባው ወዲያ የሚነካት አጥታ ነው፤ ሰዉ ሁሉ ፈርቷል። ካልሲውን ከራሴ ላይ ፈታሁና እርስዎ እንዳስተማሩኝ አድርጌ ቋጠርኩላት። ጸጉሯ ሳስቶ ነበር፤ ካልሲው ባይኖር አይሞላም ነበር። ፒኖቹን ነቅዬ አመጣሁ፤ ካልሲው ግን አብሯት ተቀበረ። የባለቤትዎ መሆኑን አውቃለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ወይዘሮ አትክልት ፒኖቹን በመዳፋቸው ጨበጡ።

«ምን ይቅርታ አለው፣ ልጄ» አሉ። «የሃምሳ አለቃዬ አፈር የት እንዳለ ይኸን ሁሉ ዘመን ሳላውቅ ኖሬያለሁ። አሁን ቢያንስ ካልሲው የት እንዳለ አውቃለሁ።»

የዚያ ዓመት ታሪክ በብዙ እጅ ተጽፏል፤ አዋጁ ከነአንቀጹ አለ፤ በየቀኑ የታመመውና የሞተው ተቆጥሮ በዜና ተነግሯል። የጣቢታ እናት በዚያ ቁጥር ውስጥ አልገባችም፤ የሞተችው በልብ ድካም ነበርና። ኬላው ያሳለፈው መኪናም የተመዘገበው ውሃ የጫነ፣ አንድ ሾፌርና አንድ ረዳት ያለው ተብሎ ነው። ወይዘሮ አትክልት የቀረውን አንዱን ካልሲ ሻንጣው ውስጥ መልሰው አኖሩት፤ በሚቀጥለው ዓመት በሚያዝያ ከጣቢታ ጋር አረካ ወርደው፣ ከማያውቋት ሴት መቃብር ራስጌ ቆመው ለሁለቱም አለቀሱ።