ቡላ አልያዘቻትም

«ውሻዋ ናት የያዘቻት» አለ ጋሽ አበጋዝ በደች ቋንቋ።

ኤዶም በደንብ ያልሰማች መሰላት። የውሻዋን የቡላን ማሰሪያ እንደጨበጠች ቀና ብላ አጎቷን አየችው። ጠመንጃውን ከመሃሉ አጥፎ ክንዱ ላይ አጋድሞታል። የባሩዱ ሽታ ገና አልጠፋም። የመሬቱ ባለቤት ኬስ አጠገቡ ቆሞ፣ መዳፉ ላይ ያለችውን ትንሽ ቡናማ ወፍ በአውራ ጣቱ ያገላብጣል። ድርጭት ናት።

«እኔ ፋዛንት ላይ ተኩሼ ሳትኩ» ብሎ ቀጠለ አጎቷ። «በዚያ መሃል ውሻዋ አምልጣ ሣሩ ውስጥ ገባችና ይቺን አነቀቻት። የምታሠለጥናት ይቺ የእህቴ ልጅ ናት። እንግዲህ ልጅ ናት፤ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ ሳቅ አለ።

ኬስ አልሳቀም። «የእርሻውን ዳር ሳላጭድ የተውኩት ለእነዚህ ብዬ ነው» አለ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻል ነበር። «ሰኔና ሐምሌን ሙሉ ድምፃቸውን ስሰማ ነበር። ድርጭት መንካት ክልክል እንደሆነ ታውቃለህ።»

«እኔማ አውቃለሁ። ውሻዋ ናት የማታውቀው።»

ኬስ ወፏን መለሰለትና ወደ ኤዶም ዞረ። «ስሚ አንቺ ልጅ፣ ይቺ ውሻ ሁለተኛ መሬቴን እንዳትረግጥ።»

ፊቷ በእሳት የተያዘ ያህል ጋለ። አፏን ስትከፍት አጎቷ ፈገግታውን ሳያጠፋ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በአማርኛ ቀደማት።

«ዝም በይ። መኪና ውስጥ እናወራለን።»

ቡላ ጠቋሚ ውሻ ናት። እንዲህ ያሉ ውሾች ወፍ አያሳድዱም። ሽታውን ሲያገኙ አንድ እግራቸውን አንሥተው ቀጥ ይላሉ፤ አዳኙ እስኪደርስ ንቅንቅ የለም። የወደቀውንም ወፍ ላባው እንኳ ሳይጎሳቆል በአፋቸው ይዘው ያመጣሉ። ይህ በአንድ ቀን የሚመጣ ነገር አይደለም። ጋሽ አበጋዝ ቡላን ቡችላ ሳለች ገዝቶ አመጣትና በሚሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ፈረቃ ተጠመደ። ከትምህርት ቤት መልስ፣ በሆላንዷ ራይስዋይክ ከተማ ዳርቻ ባለው ሜዳ ላይ፣ ዝናብ ሲመታት ያሠለጠነቻት ኤዶም ናት። «ቁሚ» እና «ሂጂ» ብላ ያስተማረቻትም በአማርኛ ነው።

ፍቅሩን የዘራባት ግን ራሱ አጎቷ ነበር። ያደገው አዋሽ በረሃ ነው። ኤዶም ትንሽ ሳለች፣ ከአባቱ ጋር የበረሃ ድርጭት እንዴት ያድኑ እንደነበር እየነገረ ያስተኛት ነበር። በማለዳ፣ አሸዋው ሳይግል፣ አንዲት ከሲታ ውሻ ፊት ፊት እየሄደች፣ ከግራሩ ሥር ድርጭቶቹ ብር ሲሉ... ያን በረሃ አይታው አታውቅም፤ ሲያወራላት ግን አሸዋው ጫማዋ ውስጥ የገባ ይመስላት ነበር። አባቷን አታውቀውም። አባት ማለት ምን እንደሚመስል ስታስብ በዓይነ ኅሊናዋ የሚመጣው የጋሽ አበጋዝ ፊት ነው።

ያን ዕለት ጠዋት በእርግጥ የሆነው እንዲህ ነው። ቡላ ሣሩ ጫፍ ላይ ስትደርስ ድንገት ቀጥ አለች። ኤዶም ከኋላዋ «ቁሚ» አለቻት። አጎቷ በጎን በኩል ቀረበ። የተነሣው ግን ፋዛንት የሚሉት ባለ ረጅም ጭራ የዱር አውራ ዶሮ አልነበረም። ከጭብጥ የማትበልጥ ወፍ ክንፏን እያርገፈገፈች ሣሩን ታክካ በረረች። ሌሎቹ ድርጭቶች ብርዱን ሸሽተው ወደ አፍሪካ ሄደዋል፤ ይቺ የዘገየች ነበረች።

«ጋሼ፣ ድርጭት ናት! እንዳትተኩስ!»

ሰምቷታል። ትከሻው ለአፍታ ቆም ሲል አይታለች። ከዚያ ተኮሰ።

ዞር ሲል ፊቱ የሕፃን ፊት ሆኖ ነበር። «አየሻት? ልክ እንደ አዋሽ!» አላት። ቡላን «ሂጂ» ብሎ የላካትም እሱ ነው። ውሻዋ ወፏን በቀስታ ይዛ መጥታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። ኬስ እርሻውን ከጎርፍ ከሚከልለው ግድብ ማዶ ብቅ ሲል ነው የአጎቷ ፊት የጠቆረው።

መኪናው ዋናውን መንገድ እንደያዘ ኤዶም ፈነዳች።

«ዋሸህ! በእኔ አሳበብክ!»

«ምን ላድርግ? ጠመንጃዬን ይወስዱታል። ፈቃዴን ይሰርዙታል። ተከስሼ ደግሞ ወንጀለኛ ከተባልኩ መጦሪያው ያባርረኛል። ውሻን ማን ይከሳል? አንቺንስ ማን ይከሳል?»

«ቁሚ ስላት ቆማለች! ምንም አላጠፋችም!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን...»

«አውቃለሁ አልኩሽ እኮ!» መሪውን በመዳፉ መታው። «በቃ፣ አለቀ!»

ኤዶም አጎቷን አንቱ ብላው አታውቅም። እናቷ ብትቆጣም «አንተ» ነው የምትለው፤ እሱም «ተያት፣ የደች ልጅ ናት» እያለ ይስቅ ነበር። አሁን ግን የሚያቃጥል ቃል ስትፈልግ ያገኘችው ይህንኑ ነው።

«እርስዎ ፈሪ ነዎት» አለችው።

ጋሽ አበጋዝ ወደ እሷ ዞር አለ፤ ከዚያ መልሶ መንገዱን አየ።

እናቷ ኤልፍነሽ ከሆቴል ጽዳት ሥራዋ ተመልሳ፣ ጫማዋን እያወለቀች ነገሩን ሰማች። እስከ መጨረሻው ሰምታ «ተይው» አለች።

«ምኑን ነው የምተወው?»

«ከአዜሴ፣ ከስደተኞቹ ካምፕ ስንወጣ በሩን የከፈተልን ማነው? አንቺን በጀርባዬ አዝዬ፣ አንዲት ሻንጣ ይዤ ስመጣ አልጋውን ለቆልን ሶፋ ላይ የተኛው ማነው?»

«እሱ ሌላ፣ ይሄ ሌላ!»

«ለእኔ አንድ ነው። ሥራውን ቢያጣ ደስ ይልሻል?» እናቷ እግሯን እያሸች ተነፈሰች። «ለማንኛውም ቡላን ለመልአኩ ሊሰጣት ነው። ኬስ ካላስገባት ምን ትሠራለች? ቅዳሜ መጥቶ ይወስዳታል።»

መልአኩ የአጎቷ ጓደኛ ነው። አምስተርዳም፣ ኒው ዌስት የሚባል ሰፈር፣ ፎቅ ላይ ብቻውን ይኖራል፤ ቀኑን ሙሉ ደግሞ ሥራ ላይ ነው። ኤዶም ቡላን እዚያ፣ በተዘጋ በር ጀርባ ተቀምጣ ስትጠብቅ በሐሳቧ አየቻት። ክፍሏ ገብታ በሩን ወርውራ ዘጋችው።

ትምህርት ቤት ለጓደኛዋ ለዮሃና ነገረቻት።

«አቦ ይሄማ ሼም ነው!» አለች ዮሃና፣ የምትበላውን ዳቦ አስቀምጣ። «ኤርሌክ፣ የእውነት፣ እኔ ብሆን ያኔውኑ እዚያው አፈነዳው ነበር።»

«ሥራውን ቢያጣስ?»

ዮሃና ዳቦዋን መልሳ አነሣች። ኤዶምን ያበሸቃትም ይኸው ነበር፤ ያጠፋው እሱ፣ የሚጨነቀው እሷ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ቡላን ልትወስድ አጎቷ ቤት ሄደች። የሥራ ልብሱን ለብሶ ሊወጣ ነበር።

«ብዙ አታርቂያት» አለ ዓይኗን ሳያይ።

«ኬስ ጋ ነው የምወስዳት።»

የኮቱን ቁልፍ የሚቆልፈው እጁ ቆመ። «ምን ልትይው?»

«ያየሁትን። ቀድመው ሊነግሩት ከፈለጉ ይደውሉለት።»

«ይሄን አንቱታሽን ተይ!» ብሎ ጮኸ። «አጎትሽን ለፈረንጅ አሳልፈሽ ልትሰጪ?»

«እርስዎ እኔን ሰጥተውኝ የለ?» የቡላን ማሰሪያ ከማንጠልጠያው አወረደች። «እኔንም ሰጡኝ፣ ቡላንም ሰጧት። ደግሞ ሳቁ! ልጅ ናት ብለው ሳቁ!»

ይከለክለኛል ብላ ጠበቀች። በሩ ላይ ሊቆም፣ ማሰሪያውን ሊነጥቃት ይችል ነበር። እሱ ግን መደገፊያ እንዳጣ ሰው ወንበሩን ያዘ። ኤዶም ወጣች።

ብስክሌቷን እየነዳች፣ ቡላን በጎኗ እያስሮጠች የኬስ ግቢ ደረሰች። ዶሮዎቹ እዚህም እዚያም ተበትነው መሬቱን ይጭራሉ። ኬስ የቦቲ ጫማውን እንደተጫማ ከጎተራው ወጣ። ቡላን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«ምን ብዬሽ ነበር?»

«ቡላ ድርጭቷን አልያዘቻትም» አለች ኤዶም። መንገዱን ሁሉ ስትለማመደው የመጣችው ረጅም ንግግር ጠፋባት። «ቁሚ ስላት ቆመች። የሞተችውን ነው ያመጣችው።»

«አጎትሽ እንዲያ አላለኝም።»

«ምን እንዳለህ ሰምቻለሁ!» ጎንበስ ብላ የቡላን ማሰሪያ ከአንገቷ ፈታችው።

«ኧረ ዶሮዎቼን! እሰሪያት!»

«ቁሚ» አለች ኤዶም።

ቡላ ቆመች። አንዲት ቀይ ዶሮ እየተንጎማለለች በአፍንጫዋ ሥር አለፈች። የውሻዋ ጎን በረጅሙ ተንቀጠቀጠ፤ ዓይኖቿ ዶሮዋን ተከተሏት፤ እግሯ ግን አልተነቃነቀም። ሁለተኛ ዶሮ መጣች፤ ክንፏን አራግፋ ቡላ እግር ሥር መጫር ጀመረች። ኤዶም ወደ ኋላ፣ እስከ ጎተራው ግድግዳ ድረስ ሄደች። ቡላ እዚያው ናት። ኬስ አንዴ ውሻዋን፣ አንዴ ልጅቷን ያያል።

«በቃ» አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ። «በቃ፣ አየሁ።»

ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ደወለ። ኤዶም እንድትሰማ ድምፁን ከፈተው።

«አበጋዝ፣ የእህትህ ልጅ እዚህ ናት። ድርጭቷን የገደለችው ውሻዋ አይደለችም ትላለች። እውነት ነው?»

ከስልኩ ውስጥ የመኪና ሞተር ድምፅ ብቻ ተሰማ። ኤዶም ወደ ስልኩ ጠጋ አለች። «ውሸት ነው» ሊል ይችላል። ካለ ደግሞ ሊታመን ይችላል።

«ያ» አለ ጋሽ አበጋዝ፤ አዎ ማለቱ ነው። «እኔ ነኝ። እየመጣሁ ነው።»

ኬስ ስልኩን ዘጋ። ምን እንደሚያደርግ አልተናገረም። ወደ ቤት ገብቶ በሳህን ውኃ አመጣና ቡላ ፊት አስቀመጠው። «ይቅርታ፣ የኔ ልጅ» ያለው ለውሻዋ ይሁን ለእሷ ኤዶም አላወቀችም። ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። የሚለቃት መስሏት የነበረው ንዴት እዚያው ደረቷ ውስጥ ነበር፤ ትንሽ ቀዝቀዝ ብሎ፣ እንደ ድንጋይ ከብዶ።

የአጎቷ መኪና ግቢው ውስጥ ገብቶ ቆመ። ሲወርድ ያረጀ መሰላት። የሥራ ልብሱ ከኮቱ ሥር ይታያል፤ ፈረቃውን ትቶ ነው የመጣው። ኬስ በሩ ላይ ሆኖ ይጠብቀዋል። ጋሽ አበጋዝ ግን መጀመሪያ ወደ እሷ መጣ።

«ብርድ ነው» አላት። «ብስክሌቱን ከኋላ እንጭነዋለን። መኪናው ውስጥ ጠብቂኝ፣ አብረን እንሄዳለን።»

ኤዶም ፊቱን አየችው። የይቅርታ ቃል ጠብቃ ነበር። ቃሉ ከንፈሩ ድረስ መጥቶ የተመለሰ ይመስላል፤ ምናልባት ኬስ ጋ ገብቶ ሲወጣ ይለው ይሆናል። ምናልባት ቆይታ ብትሰማው ጥሩ ነው። ዛሬ ግን አልፈለገችም።

«በብስክሌቴ እሄዳለሁ» አለች ተነሥታ። «ቡላም ከእኔ ጋር ትሄዳለች። መልአኩ ቅዳሜ እንዳይመጣ ይነገረው።»

አጎቷ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ኮቱን አስተካክሎ ወደ ኬስ በር ሄደ። ኤዶም በሩ ሲዘጋ ሰማች፤ ምን እንደሚባባሉ ለመስማት ግን አልቆመችም። የቡላን ማሰሪያ አንገቷ ላይ መልሳ አሰረችላትና ግድቡ ላይ ወዳለው መንገድ ወጣች። ነፋሱ ከፊት ነበር። ጎንበስ ብላ ፔዳሉን ረገጠችው።