ስድስተኛው ዱላ

ይህን ከሰው አልሰማሁትም። በዓይኔ ነው ያየሁት። የተጠራጠረ ሰው ከሚሴ ይምጣና ሞባይል ጠጋኙን ወንዴን ብሎ ይጠይቅ... ሱቄን ሁሉም ያውቀዋል።

ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ፣ ቅዳሜ ቀን፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል። ቦታው የጨፋ ሸለቆ፣ ከሮቢት ወረድ ብሎ ያለ የማሽላ አውድማ።

ጨለማ አልነበረም። ሁሉም የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምር።

ሙጂብ ጓደኛዬ ነው። ባጃጅ ይነዳል፣ ይዘፍናል። ሦስት ዓመት ለፍቶ የመጀመሪያ አልበሙን ኅዳር ላይ አወጣ።

እኔ ደግሞ ስለ ሙዚቃ የምጽፍበት የቴሌግራም ቻናል አለኝ። አልተማርኩም፤ ያለኝ ጆሮ ብቻ ነው። በዚያ ጆሮዬ ግን እኮራ ነበር።

«ወንዴ፣ አደራ» አለኝ ፍላሹን ሲሰጠኝ። «ጓደኛዬ ነው ብለህ እንዳታሞጋግሰኝ። የሰማኸውን ጻፍ።»

«ኋላ ብታለቅስ የለሁበትም።»

«አብሽር» ብሎ ሳቀ። «እኔ የማለቅሰው ቤንዚን ሲጠፋ ነው።»

ማዳመጫዬን ሰክቼ መስማት ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹ አራት ዘፈኖች ደህና ናቸው። አምስተኛው ሲገባ ግን ተደግፌ ከተቀመጥኩበት ቀና አልኩ።

የውቂያ ዘፈን ነው። ሙጂብ የአጎቱ አውድማ ላይ ሄዶ፣ ሰዎቹ ማሽላ በዱላ ሲወቁ በስልኩ የቀዳው። እሱ ያወጣል፣ እነሱ ይቀበሉታል። በተቀበሉ ቁጥር ዱላቸው እኩል ያርፋል። ከበሮም አያሻውም።

አንድ ነገር ብቻ ጆሮዬን ቆረቆረኝ።

ወቂዎቹ አምስት መሆናቸውን ሙጂብ ነግሮኛል። ድምፁን አዘግይቼ ቆጠርኩ። አምስቱ ያርፋሉ። ከዚያ... ዘግየት ብሎ፣ ብቻውን... አንድ ሌላ።

ደግሜ ቆጠርኩ። ስድስት።

የዚያኑ ዕለት ጻፍኩት። ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦

«አምስተኛው ዘፈን ላይ ስድስት ዱላ ቆጥሬያለሁ። ስድስተኛው ይዘገያል። ሙጂብ ይህን ሰውዬ ወይ ያስወጣው፣ ወይ ምቱን ያስተምረው።»

አንባቢ ሁሉ ሳቀ። አንዱ «ስድስተኛው ጫት አልደረሰውም» ብሎ ጻፈ። ሌላው «ተዉት፣ ምሳ ሳይበላ ነው የመጣው» አለ።

በማግስቱ ሙጂብ ባጃጁን ደጄ ላይ አቁሞ ገባ። አልሳቀም።

«ወቂዎቹ አምስት ናቸው እኮ ወንዴ።»

«ስማው።»

ሰማው። ደግሞ ሰማው። ማዳመጫውን ቀስ ብሎ አወለቀ።

«ወላሂ... ስንቀዳ ይህ አልነበረም።»

«ማሚቶ ይሆናል።»

«ሜዳ ላይ የምን ማሚቶ?»

ማዳመጫውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«አጎቴ፣ አውድማ ላይ አይቆጠርም ይላል» አለ ቆይቶ። «እህሉም፣ ሰዉም። የሽማግሌ ነገር ነው ብዬ...»

«ነዋ። በዚህ ዘመን?»

«ሰው እየሳቀብኝ ነው። ባጃጄ ላይ የወጣ ሁሉ ‹ስድስተኛው ደኅና ነው?› ይለኛል። የሦስት ዓመት ልፋቴ በአንድ ዱላ መሳቂያ ሆነ። ቅዳሜ እንደገና እንቀዳዋለን። አንተም ትመጣለህ። አበላሸኸዋል፣ አስተካክለው።»

እሺ አልኩ።

ቅዳሜ በባጃጁ ወጣን። መንገድ ላይ ማዳመጫዬን ሰክቼ ያንኑ ዘፈን ከፈትኩ። ማንም ያልነካው፣ ያው ፋይል ነው።

ስድስተኛው ዱላ አልዘገየም።

ከአምስቱ ጋር እኩል ነበር የሚያርፈው። ድምፁ ግን እንደነሱ አይደለም። የነሱ ደረቅ ነው፤ ማሽላ ሲወቃ የሚሰማው። የሱ... እርጥብ ነው። ሙዳ ሥጋ በድንጋይ ሲቀጠቀጥ የሚሰማው ዓይነት።

ማዳመጫዬን ነቀልኩ።

«ምነው?» አለ ሙጂብ በመስታወቱ እያየኝ።

«ምንም።»

ያኔ ልነግረው ይገባ ነበር።

አውድማው ዳር ጫማችንን አወለቅን። አጎቱ አያ አብዱልጀሊል ዱላውን ተደግፎ ቆሟል። አራቱ ወቂዎች ከኋላው ናቸው። ሙጂብን «አካም ጅርታ» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አለው። ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ ነህ የቆጠርከው?»

«እኔ ነኝ አያ።»

«ስንት አልክ?»

«ስድ...»

በመዳፉ አፌን ከደነው። መዳፉ እንደ እንጨት ደርቋል።

«እዚህ አትጥራው!» አለ በሹክሹክታ። «አያቶቼም እዚሁ ወቅተዋል። ከኛ ጋር ሌላ ማን እንደሚወቃ ጠይቀን አናውቅም። ሳይቆጠር ይመጣል፣ ሳይቆጠር ይሄዳል። አንተ ግን ቆጠርከው። ይባስ ብለህ ምቱን ይማር አልክ።»

ወደ ሙጂብ ዞረ። «ዛሬ አንወቃም።»

ሙጂብ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ሳመ።

«አንድ ጊዜ ብቻ አጎቴ። በአላህ ይዤሃለሁ። እንዲህ ሆኖ ከቀረ ሁለተኛ አልዘፍንም።»

ሽማግሌው ሙጂብን ክንዱን ይዞ አነሳው። ልጁን ይወደዋል። በኋላ በዱላው ጫፍ ማዶ ያለውን ግራር አሳየኝ።

«ጀርባህን ሰጥተህ እዚያ ተቀመጥ። እንዳትቆጥር። ሰማህ? በሆድህም ቢሆን።»

ሄጄ ተቀመጥኩ። ፊቴን ወደ ቦርከና ወንዝ አዞርኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

ሙጂብ ጀመረ።

«ውረድ ማሽላዬ፣ ካገዳህ ላይ ውረድ...»

ሰዎቹ ተቀበሉት። ዱላው አረፈ።

ድምፁ ያምር ነበር። እንደዚያ ቀን አድርጎ ሲዘፍን ሰምቼው አላውቅም። ላለመቁጠር ስለ ሱቄ አሰብኩ። ስለ ተሰበሩ ስልኮች አሰብኩ። አፌም ልቤም ዝም አሉ።

ጣቶቼ ግን...

ጉልበቴ ላይ ሲንቀሳቀሱ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። አምስቱ የቀኝ እጄ ጣቶች ተራ በተራ አረፉ። ከዚያ የግራ እጄ አውራ ጣት።

እርጥቡን ድምፅ ሰማሁ።

«ውረድ ማሽላዬ፣ ካገዳህ ላይ ው...»

ዘፈኑ ተቆረጠ። ተቀባዮቹ ግን ቀጠሉ። ዱላው ቀጠለ።

ዞርኩ።

አምስቱ ሰዎች እብቁ ዓይናቸው እንዳይገባ ፊታቸውን በሻሽ ሸፍነው፣ አቀርቅረው ይወቃሉ። ዱላቸው የሚያርፈው ማሽላው ላይ ነው። ሙጂብ ከነሱ ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ብሎ በጀርባው ወድቋል።

ማንም አልነካውም። ግን ዱላቸው ባረፈ ቁጥር ሙጂብ ይሰበራል።

ቀኝ ክንዱ ለሁለት ታጥፏል፤ አጥንቱ ወጥቷል። መንጋጋው ወደ ጎን ሄዷል። ሊጮህ አፉን ሲከፍት ደምና ጥርስ ነው የወጣው። ሌላ ምት አረፈ። ጉልበቱ ተፈረከሰ። ዓይኖቹ እኔን ያያሉ።

«ቁሙ!» አልኩ እየሮጥኩ። «ቁሙ! ገደላችሁት!»

ቆሙ። አምስቱም ዱላ ባለበት ቀረ።

ጸጥ አለ...

ዷ!

የሙጂብ ጎድን ወደ ውስጥ ገባ።

አያ አብዱልጀሊል ሻሹን ከፊቱ ገፍፎ አየ። ዱላው ከእጁ ወደቀ። «ያ አላህ» ይላል፣ «ያ አላህ»።

ዷ!

ስድስተኛው ዱላ ምቱን አልሳተም። የቆመው ዘፈን ውስጥ፣ ቦታውን ጠብቆ ነበር የሚያርፈው።

ሙጂብ ላይ ተደፋሁ። ራሱን በክንዴ ከልዬ፣ ደረቱን በደረቴ ሸፍኜ፣ በጀርባዬ ሲመጣ ጠበቅሁት።

መጣ። በጆሮዬ አጠገብ ንፋሱ ሲያፏጭ ሰማሁ።

እኔን አልነካኝም።

ከስሬ ግን የሙጂብ ደረት እንደ ቅርጫት ሲሰባበርና ሲሰምጥ ደረቴ ላይ ተሰማኝ። ትኩስ ደም አንገቴ ላይ ተፋ። «ወን...» አለ። አልጨረሰውም።

ተሸክመነው አስፋልቱ ጋ ሳንደርስ ሞተ።

ፖሊሶች አምስቱን ዱላ አገላብጠው አዩ። ከእብቅ በቀር አንዲት ጠብታ ደም የለባቸውም። የእኔን ልብስ አዩ፤ ከላይ እስከ ታች ደም ነው። ሁለት ቀን አሰሩኝ። ያስፈታኝ የአያ አብዱልጀሊል ቃል ነው። ምን ብሎ እንደነገራቸው አላውቅም። እኔን ግን ዳግመኛ አላናገረኝም።

የጻፍኩትን አጠፋሁት። ዘፈኑንም አጠፋሁት። ቀብሩ ላይ አልነበርኩም፤ እስር ቤት ነበርኩ።

ከእስር በወጣሁ ማግስት፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የሙጂብ እኅት ቶይባ ደወለች። ሴት ቀብር አትወጣም ብለው አስቀርተዋት ነበርና፣ ያን ጠዋት ብቻዋን ልትጎበኘው ሄዳ ነበር።

«ና» አለችኝ። «አሁን ና። ለማንም እንዳትናገር።»

ደረስኩ። ቶይባ መቃብሩ ግርጌ ቆማለች። ነጠላዋን በጥርሷ ነክሳለች።

ቀባሪዎቹ አፈሩን ቆልለው፣ ጅብ እንዳይቆፍረው እሾህ ደርበውበት ነበር አሉ። ቁልሉ የለም። መሬቱ ተቀጥቅጦ ለጥ ብሏል፤ እሾሁ ደቆ ዱቄት ሆኗል። ዙሪያውን የባዶ እግር ዱካ አለ። የአንድ ሰው ዱካ ነው። ክብ ሠርቶ ይዞራል እንጂ ከየት እንደመጣም ሆነ ወዴት እንደሄደ አያሳይም።

«ማን ነው ወንዴ?» አለች በሹክሹክታ። «ወንድሜን ከሞተ ወዲያ እንኳ የማይተወው ማን ነው?»

«አትጠይቂ!» አልኳት።

ያን ጊዜ፣ በዓይናችን ፊት፣ አፈሩ መሐሉ ላይ ሰረጎደ። ርዝመቱ የዱላ ያህል ነው። ድምፅ አልነበረውም።

ከዚያ ወዲህ ቀረብ ብሎ... ሌላ።

ከዚያ ሌላ። ቶይባ እግር ሥር።