የማን 2018?

«ሚስቱ ናት የገደለችው! በመርፌ!» የአሕመድ ጩኸት ሐይቁ ዳር ድረስ ይሰማል። ኢንስፔክተር ፀሐይወርቅ ገፋ አድርጋው ገባች። የአሕመድ ወንድም፣ ጀልባ ሠሪው አብዱልመጂድ፣ ከስቶ አልጋው ላይ ሞቷል።

«መርፌውን ማን ነበር የሚወጋው?»

«እኔ ነኝ፤ ስኳር ነበረበት» አለች ሚስቱ ዘሀራ። «የረጀብ ወር ሲገባ አዲስ ኢንሱሊን ገዛሁለት። ከዚያ ወዲያ ውኃ ጥሙ ባሰበት።»

ፀሐይወርቅ ካርቶኑን አነሳች። የተመረተበት 08/2016፣ የሚያበቃበት 08/2018 ይላል። ጊዜው ጥር 2018 ነው።

ዘሀራንና አሕመድን ይዛ ግሽ አባይ ሰፈር፣ መድኃኒቱ ወደተሸጠበት ቤት ሄደች። ባለቤቱ አቶ ክንዱ ካርቶኑን በሩቁ አይተው ፈገግ አሉ።

«ሚያዝያ ድረስ ጊዜ አለው እኮ!»

«ይኼ የፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ 2010 ላይ አልፎበታል» አለች ፀሐይወርቅ።

«ወይ ጉዴ! ይቺ ጸሎት ናታ አሳስታ የሸጠችው!» አሉ ሻጯን እየጠቆሙ።

«እኔ አምና የተቀጠርሁ ነኝ፤ እርስዎ አይደሉ እንዴ ‹አላለፈበትም፣ ስጪ› ያሉኝ?» አለች ጸሎት።

«እሺ፣ ተሳሳትሁ። ሰው አይደለሁ?»

ፀሐይወርቅ ካርቶኑን ገለበጠችው። ከታች የመድኃኒት ቤቱ ምልክት ተለጥፏል፤ አድራሻው ግን ፋሲሎ ሰፈር ነው።

«የፋሲሎውን ቤት መቼ ዘጉ?»

«በ2012።»

«ይኼን ምልክት ከዚያ ወዲህ ለጥፈው ያውቃሉ?»

«ምን ሊሠራልኝ! ያኔውኑ አቃጠልሁት።»

«እንግዲያ ካርቶኑ ከ2012 በፊት እጅዎ ገብቷል። 2016 የእኛ ቢሆን፣ ገና ባልተሠራ መድኃኒት ላይ ነው የለጠፉት? የፈረንጅ መሆኑን ያውቁ ነበር። ጸሎት የተቀጠረችው አምና ነው። ዘሀራም የወጋችው የሸጡላትን ነው። ሰው በራሱ አቆጣጠር እንዲያነበው ትተህ፣ አውቀህ የሸጥኸው አንተ ነህ!»

አንቱታው እዚህ ላይ አበቃ፤ ታሪኩን የምነግራችሁ እኔም ከእንግዲህ አልሰጠውም።

«መርዝ እኮ አይደለም» አለ ክንዱ እየተቅለሰለሰ። «ኃይሉ ቢደክም ነው። ከሚጣል ብዬ…»

ፀሐይወርቅ ወንጀለኛ ብዙ አይታለች፤ እንዲህ ያለ ቆሻሻ ግን አላየችም። «ተነሥ፣ ከፊቴ ቅደም!» ብላ እጁን አሰረችው።

አሕመድ አንገቱን ደፍቶ ወደ ዘሀራ ቀረበ። «ይቅር በይኝ፣ እኅቴ።»

ዘሀራ አልሰማችውም። ካርቶኑን እያየች «‹መድኃኒቱ አልያዘኝም› ይለኝ ነበር» አለች። «እኔ ደግሞ ቁጥሩን እያሳየሁ ‹ጊዜ አለው፣ ታገሥ› እለዋለሁ።»